ከሄልፕ ዴስክ ወደ ግል ሥራ፦ የአይቲ ኮንትራት እንዴት ይጀመራል?

ሄልፕ ዴስክ (የኮምፒውተር ችግር ተቀብሎ የሚፈታ ክፍል) ላይ የቆየ ሰው ጥገናው ብዙም አይከብደውም። በግሉ ሲወጣ የሚፈትነው ሥራው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ መወሰኑ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤ ከማስገባታችሁ በፊት እነዚህን አስተካክሉ።

1. አንድ ሥራ ምረጡ። ከዘጋችኋቸው ቲኬቶች (ከተጠቃሚ የሚመጡ የእርዳታ ጥያቄዎች) ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውና ከሌላው ሰው ፈጥናችሁ የምትፈቱት የቱ ነው? ኢሜይል ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚገኝ ሰርቨር) ማዛወር? የትንሽ ቢሮ ዋይፋይ? ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ)? አንዱን ያዙ። «ሁሉንም እሠራለሁ» የሚል ሰው የሚጠራው ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ ነው። እንደ ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ያለ የአይቲ ድጋፍ ሰርተፊኬት ካላችሁ ጥሩ፤ ትንሽ ቢሮ ግን ከሱ ይልቅ ማን እንደላካችሁ ነው የሚጠይቀው።

2. የቅጥር ውላችሁን አንብቡ። በትርፍ ሰዓት መሥራትን ወይም የድርጅቱን ደንበኛ መውሰድን የሚከለክል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል።

3. ዋጋ አስሉ። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ52 ሳምንት ሲባዛ 2,080 ሰዓት ነው። ብዙዎች የዓመት ደመወዛቸውን ለዚህ ያካፍሉና ያንኑ ይጠይቃሉ። ይሄ ኪሳራ ነው። ደንበኛ ስትፈልጉ፣ ኢንቮይስ ስትጽፉ፣ ስትታመሙ ማንም አይከፍላችሁም። የሚከፈልበት ሰዓት 1,000 ብቻ ቢሆንስ? ዋጋው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ግብርና ኢንሹራንስ ገና አልተነኩም።

4. ሥራውን በጽሑፍ ወስኑ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። «የባክአፕ ሥራ» ብሎ መጻፍ ራስን ለጭቅጭቅ ማጋለጥ ነው። እንዲህ ብትሉስ? «ለ8 ኮምፒውተሮች ባክአፕ ይዘረጋል። 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቢሮው ውጭ ይቀመጣል። ደንበኛው ባለበት አንድ ፋይል ተሰርዞ ከባክአፕ ይመለሳል። ፋይሉ ሲመለስ ሥራው አለቀ። ተጨማሪ ኮምፒውተር ለብቻው ይከፈልበታል።» ከታች ቅድሚያ ክፍያውንና ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን ጻፉ።

«እግረ መንገድህን ይቺን ላፕቶፕ እያት» መባሉ አይቀርም። ያኔ ፊት ማጥቆር አያስፈልግም። «እሺ፣ ዋጋውን ዛሬ እልክልዎታለሁ» በሉ። ግማሹ ጥያቄ እዚያው ይቀራል።

5. ቁልፉን ለባለቤቱ ስጡ። ዶሜይኑም (የድረ ገጹና የኢሜይሉ አድራሻ) የክላውድ አካውንቱም በደንበኛው ስም ይከፈት። የአድሚን ፓስወርዶችን በፓስወርድ ማኔጀር (ፓስወርዶችን ቆልፎ በሚያስቀምጥ መተግበሪያ) አስረክቡ፤ በቴሌግራም አትላኩ። ምን እንደቀየራችሁም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተዉለት። ደንበኛውን በፓስወርድ አስሮ ማቆየት ነውር ነው፤ ወሬውም ቶሎ ይዛመታል።

6. ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች፣ ውላችሁ ከፈቀደ፣ ቅዳሜና እሁድ ሞክሯቸው። አንድ ደንበኛ ብቻ ገቢያችሁን ቢሸፍን አትቸኩሉ፤ እሱ የተወ ዕለት ባዶ እጃችሁን ናችሁ። በየወሩ የሚከፍሉ ሁለት ሦስት ደንበኞችና የጥቂት ወራት ወጪ ሲኖራችሁ ደብዳቤውን አስገቡ።