ከኦንላይን ጨዋታዎች ስድብንና ትንኮሳን ለመቀነስ ሲሞከር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወትባቸው የኦንላይን ጨዋታዎች የማይተዋወቁ ሰዎችን በደቂቃዎች ውስጥ ቡድን አድርገው ያሰልፋሉ፤ ነገር ሲበላሽ ግን ስድቡ፣ ዛቻው፣ በዘርና በጾታ ማንቋሸሹ፣ ሆን ብሎ የራስን ቡድን ማስሸነፉ ይከተላል። አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚያ አገር ካሉ አዋቂ የኦንላይን ተጫዋቾች 74 በመቶው አንድ ዓይነት ትንኮሳ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ችግሩን ለመቀነስ ብዙ ተሞክሯል፤ ብዙ ሙከራም ከሽፏል። ጨዋታ የሚሠሩ፣ ሰርቨር የሚያስተዳድሩና የተጫዋቾች ማኅበረሰብ የሚመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁባቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ለጥቂት ባለጌዎች መስጠት

ይህ የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ምንጭ ነው። ክፉዎቹን ለቅመን ብናባርር የቀረው በሰላም ይጫወታል የሚለው ሐሳብ ቀላልና የሚያጽናና ነው፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለውን የቡድን ጨዋታ የሚያስተዳድረው ኩባንያ ራዮት ጌምስ የተጫዋቾቹን ባህሪ ሲመረምር፣ ዘወትር ከሚሳደቡት ሰዎች የመጣው ጥፋት ከጠቅላላው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘው። የቀረው 87 በመቶ የመጣው በአብዛኛው ጊዜ ጨዋ ከሆኑ፣ ወይም ቢያንስ ማንንም ከማያስቸግሩ ተጫዋቾች ነበር። እነዚህ ሰዎች ደክሟቸው ወይም ተከታታይ ሽንፈት አብሽቋቸው አንድ ቀን የሚፈነዱ፣ በማግስቱ ደግሞ እንደ ወትሯቸው የሚጫወቱ ናቸው። ነገሩን የሚያከፋው መተላለፉ ነው፤ የተሰደበ ሰው ንዴቱን ወደሚቀጥለው ግጥሚያ ይዞት ይገባል፣ እዚያም ምንም ባላደረጉት አዳዲስ የቡድን አጋሮቹ ላይ ያወርደዋል።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሱለር በ2004 እንዳስረዳው፣ በኢንተርኔት ላይ ሰው አፉ ልቅ የሚሆነው ማንነቱ ስለማይታወቅ፣ የሰደበውን ሰው ፊት ስለማያይና ከሄደ በኋላ ምንም እንደማይከተለው ስለሚያስብ ነው። ጨዋታ በዚህ ላይ ውድድርን፣ የጊዜ ግፊትንና ዕጣ ፈንታን ከማያውቁት ሰው ጋር መጋራትን ይጨምርበታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት መጀመሪያ «ይህ ሰው ማን ነው?» ሳይሆን «ጨዋታችን በየትኛው ቅጽበት ሰውን ወደዚህ ይገፋዋል?» ነው። ሁልጊዜ የሚያስቸግረውን ማገድ የግድ ነው፤ ሥራው በዚያ ያልቃል ብሎ ማሰብ ግን አብዛኛውን ጥፋት ሳይነኩ መተው ነው።

ሰውን ከሰው የሚያጋጭ አሠራር ቀርጾ ተጫዋቹን መውቀስ

ጆርኒ የተባለው የ2012 ጨዋታ ሲሠራ፣ ሁለት ተጫዋቾች እርስ በርስ መገፋፋት ይችሉ ነበር። አዘጋጆቹ ተጋግዘው መሰናክል እንዲያልፉበት ያሰቡትን ነገር ተጫዋቾቹ አንዱ ሌላውን ወደ አደጋ ለመግፋት አዋሉት። አዘጋጆቹ ማስጠንቀቂያ አልለጠፉም፣ ቅጣትም አላወጡም፤ መገፋፋቱን ራሱን አስወገዱት። በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ሁለት ገጸ ባሕርያት ሲጠጋጉ የሚሆነው የመብረር ኃይላቸው መታደሱ ነው፤ ያንኑ የመቀራረብ ፍላጎት ወደ ጥቅም መለሱት። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም።

የተኩስ ጨዋታዎችም ተመሳሳይ ፈተና አለባቸው። በሬይንቦው ሲክስ ሲጅ ጥይት የገዛ ወገንንም ይጎዳል፤ ለእውነተኛነት ሲባል የገባው ይህ አሠራር አጋርን ሆን ብሎ ለመግደል መሣሪያ ሆነ። የጨዋታው አዘጋጅ ዩቢሶፍት በ2019 ያመጣው መፍትሔ አጋሮቹን የሚጎዳ ተጫዋች ከዚያ በኋላ በእነሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ ራሱ እንዲመለስ ማድረግ ነበር፤ ዳኛም ክርክርም ሳያስፈልግ ጥፋቱ ትርፉን አጣ። በዚያው ዓመት የወጣው ኤፔክስ ሌጀንድስ ደግሞ ተጫዋቹ በአንድ ቁልፍ ጠላትን፣ ዕቃን ወይም የሚሄድበትን አቅጣጫ ለአጋሮቹ እንዲጠቁም የሚያስችል አሠራር ይዞ መጣ። በዚህም ድምፁን ማሰማት የማይፈልግ ሰው ማይክራፎን ሳይከፍት ሙሉ የቡድን አባል መሆን ቻለ። የራሱን ጨዋታ የሚፈትሽ ሰው በዚህ ዓይን ሊያየው የሚገባው ብዙ ነገር አለ፦ የአንዱ ስህተት የሁሉንም ሠላሳ ደቂቃ ያቃጥላል ወይ? የተሸነፈ ቡድን በክብር የሚወጣበት መንገድ አለው ወይ? የውጤት ሰሌዳው ደካማውን ለይቶ ለስድብ ያጋልጣል ወይ?

የቃላት ዝርዝርን እንደ ሙሉ መፍትሔ ማየት

የስድብ ቃላትን የሚያግድ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን ደካማ ነው። በመኪና እግር ኳስ በሚጫወቱበት በሮኬት ሊግ ተጫዋቾች ከተዘጋጁ ንጹሕ ሐረጎች ውስጥ «እንዴት ያለ ድንቅ ማዳን!» የሚለውን ይመርጡና ጎል ለገባበት ሰው ደጋግመው ይልኩለታል፤ አንድም ክፉ ቃል የለበትም፣ ስድብነቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። በሌላ በኩል ማጣሪያው ራሱ ወጥመድ ይሆናል። በ2018 ሬይንቦው ሲክስ ሲጅ በቻት የዘረኝነት ቃል የጻፈን ሰው ወዲያውኑ ከጨዋታው ማስወጣት ሲጀምር፣ አንዳንዶች ሌላውን አታልለው ቃሉን እያስጻፉ ማስወጣትን ጨዋታ አደረጉት።

ከዚህም በላይ አብዛኛው ማጣሪያ የሚሠራው እንግሊዝኛን ይዞ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች፣ በተለይም በራሳቸው ፊደል ሳይሆን በላቲን ፊደል ሲጻፉ፣ እጅግ ከባድ ስድብ ሳይነካ ያልፋል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በሥራው ላይ ካልተመደበ ይህ ክፍተት አይደፈንም። ድምፅ ደግሞ ከጽሑፍ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ በ2023 ኮል ኦፍ ዱቲ ለተባለው የተኩስ ጨዋታው ቶክስሞድ የተባለ የድምፅ መከታተያ ሥርዓት ሲያስገባ፣ ሥርዓቱ የተጠረጠረውን ለይቶ እንዲያቀርብ፣ ቅጣቱን ግን ራሱ ኩባንያው እንዲወስን አድርጓል። የማሽን ጥርጣሬና የፍርድ ውሳኔ እንዳይደባለቁ ይህ ክፍፍል መጠበቅ አለበት።

አንዱ ሌላውን ሊጎዳበት እንደሚችል ሳያስቡ መሣሪያ መስጠት

ኦቨርዋች የተባለው የቡድን ተኩስ ጨዋታ በ2016 ሲወጣ ማንኛውም ሰው አብሮ መጫወት የማይፈልገውን ተጫዋች «አርቅልኝ» ማለት ይችል ነበር። ዓላማው በጎ ነበር። ዊዶውሜከር በተባለችው አነጣጥራ ተኳሽ ገጸ ባሕርይ ከሚጫወቱ የዓለም ምርጦች አንዱ ግን ግጥሚያ ለማግኘት ረጅም ሰዓት ሲጠብቅ ተገኘ፤ ብዙዎች ያራቁት ጨዋነት ጎድሎት ሳይሆን ጎበዝ በመሆኑ ተሸንፈው ነበር። የጨዋታው አዘጋጅ ብሊዛርድ አሠራሩን በሳምንታት ውስጥ አነሣው፤ በ2018 የተመለሰው ከገዛ ቡድን አጋርነት ብቻ የሚያርቅና ጥቂት ስም ብቻ የሚይዝ ነው። የሪፖርት ቁልፍም እንዲሁ ነው፤ ተደራጅተው አንድን ሰው በሐሰት የሚከሱ ቡድኖች ስላሉ የሪፖርት ብዛት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባም።

ቻትን ወይ መልቀቅ ወይ መዝጋት ብቻ አማራጭ ነው ማለት

ራዮት ጌምስ ባንድ ወቅት ከተቃራኒ ቡድን ጋር የሚደረገውን ቻት አልሰረዘውም፤ ከመጀመሪያው ዝግ ሆኖ እንዲመጣና የፈለገ ሰው ከማስተካከያው ገብቶ እንዲከፍተው ብቻ አደረገ። የሚጻፈው መጠን ብዙም ሳይለወጥ አፍራሽ ንግግሩ በሲሶ ያህል ቀነሰ፣ መልካሙም በሲሶ ያህል ጨመረ። ቻት ለመክፈት ሁለት ጊዜ መጫን የሚጠይቅ ትንሽ እርምጃ ሰውየው ከመናገሩ በፊት ጥቂት እንዲያስብ ያደርገዋል። በ2021 ይኸው ኩባንያ ያንን ቻት ሙሉ በሙሉ ዘግቶ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ከፍቶታል። ከፍተኛው ቁጣ ብዙ ጊዜ የሚወርደው በተቃራኒው ላይ ሳይሆን በገዛ አጋር ላይ በመሆኑ፣ አንዱን በር ጥርቅም አድርጎ መዝጋት የሚጠበቀውን አያስገኝም።

ምክንያቱን ሳይናገሩ መቅጣት

«የማኅበረሰብ ደንብ ስለጣሱ አካውንትዎ ታግዷል» የሚል መልእክት ለተቀጣው ሰው ምንም አያስተምረውም። የታገደው ከሳምንት በፊት ለተናገረው ከሆነ ደግሞ የትኛውን እንደሆነ እንኳ አያስታውስም፤ ተበድያለሁ ብሎ ይመለሳል። ራዮት የተቀጣውን ሰው የጻፈውን ራሱን እያሳየ ማገድ ሲጀምር ብዙዎቹ ዳግመኛ አላጠፉም። ቅጣት ፈጣን፣ ምክንያቱ የተገለጸና ከጥፋቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ለከሰሰውም ሰው ቢሆን ሪፖርቱ ውጤት እንዳመጣ አጭር መልስ ሊደርሰው ይገባል፤ መልስ የማያገኝ ሰው ሪፖርት ማድረጉን ይተዋል።

መልካሙን አለማየት

ቅጣት ብቻ ያለበት ሥርዓት ምን ማድረግ እንደማይገባ እንጂ ምን ማድረግ እንደሚገባ አያሳይም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በ2012፣ ኦቨርዋችም በ2018 ተጫዋቾች ከግጥሚያ በኋላ አንዱ ሌላውን የሚያመሰግኑበት መንገድ አበጅተዋል። ሽልማቱ ትልቅ ከሆነ ግን ምስጋና የሚለዋወጡ ጓደኛሞች ይበዛሉና መጠኑ ቢጠበቅ ይሻላል።

ሸክሙን በተጎጂው ላይ መጫን

«ካልተመቸህ ድምፁን አጥፋው» የሚለው ምክር እጅግ የተለመደ ነው፤ እጅግ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ድምጿ እንደተሰማ ጾታዊ ስድብ የሚዘንብባት ተጫዋች ማይክራፎኗን ዘግታ በዝምታ ስትጫወት፣ የጨዋታው ባለቤት ጸጥታውን እንደ ሰላም ይቆጥረዋል። እሷ ግን በድምፅ ከሚግባባ ቡድን ጋር መረጃ አጥታ እየተወዳደረች ነው፤ ተሳዳቢው ምንም አልጎደለበትም። ድምፅ ማጥፊያ ሊኖር ይገባል፤ ነገር ግን በተጠቀመችበት ቁጥር ጉዳዩ ለተቆጣጣሪዎች ምልክት ሆኖ ሊደርስ ይችላል፣ ይገባልም። ዝነኛ ተጫዋቾችንና ብዙ ገንዘብ የሚያወጡትን በቸልታ ማለፍ የዚሁ ስህተት ሌላ መልክ ነው፤ ሌሎቹ ምን እንደሚፈቀድ የሚማሩት እነሱን አይተው ነው።

ውጤትን በእገዳ ብዛት መለካት

ይህን ያህል ሺህ አካውንት አገድን የሚል መግለጫ የሚያሳየው የተሠራውን ሥራ እንጂ የተለወጠውን ነገር አይደለም፤ የእገዳ ቁጥር ጥፋት ሲበዛም፣ ቁጥጥር ሲጠብቅም ይጨምራል። ይልቅ ሊታይ የሚገባው፣ በመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎቹ የተሰደበ አዲስ ተጫዋች ካልተሰደበው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ተመልሶ እንደሚመጣ፣ አንድ ጊዜ የተቀጣ ሰው ምን ያህል ደግሞ እንደሚያጠፋ፣ እና አዲስ አሠራር ሲገባ በከፊሎቹ ተጫዋቾች ላይ ብቻ ተሞክሮ ከቀሩት ምን ለውጥ እንዳሳየ ነው። እነዚህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መረጃ በአብዛኛው ጨዋታ ሰርቨር ላይ ቀድሞውኑ ተመዝግቦ ይገኛል።