በመጋቢት ሙቀት ዶሮ እንዴት ይያዛል?

ዶሮ አያልባትም። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኛ ሲሞቀን ያልበናል፤ ላቡ ሲደርቅ ቀለል ይለናል። እሷ ግን ላባዋን ደርባ ነው የምትውለው። የገላዋ ሙቀት ደህና በሆነችበት ቀን እንኳ 41 ዲግሪ ይደርሳል። ሲብስባት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏን ከጎኗ ገለጥ አድርጋ ነፋስ ታስገባለች። ሌላ ብዙ መላ የላትም። ቀሪው የእኛ ሥራ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ሃያ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ከየካቲት እስከ ግንቦት የኛ ከተማ ቀን 30 ዲግሪን አለፍ ይላል። ለመተማ ወይም ለሁመራ ሰው ይህ ሙቀት ተብሎ አይወራም። ዶሮ ግን ከ30 በላይ ሲሆን መቸገር ትጀምራለች። በተለይ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከተዘጋባት።

ብዙ ሰው ሙቀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቤቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የምለውጠው ሰዓቱን ነው። ምክንያቱም ቤት ለማደስ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሰዓት ለመለወጥ ግን በጠዋት መነሳት ብቻ ይበቃል። ዶሮ የበላችው መኖ ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ይህ ሙቀት የሚበረታው ከበላች ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ አስሉት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጠግባ የበላች ዶሮ ከውስጥ የምትግለው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ፀሐዩም የሚከረው ያኔ ነው። ከውጭም ከውስጥም ሲነድባት ምን ታድርግ?

ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መኖ አቀርባለሁ። ገና ቀዝቀዝ ስላለ ተሻምተው ይበላሉ። 2 ሰዓት ሲሆን የተረፈውን አነሳለሁ። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ድረስ መኖ የለም፣ ውሃ ግን አይጠፋም። ማታ የቀረውን እሰጣለሁ፤ ከቀኑ ድርሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን። ቆጥ ላይ እስኪወጡ ይበላሉ። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ያስፈልጋታል። ቀን ከልክለናት ማታ ካላካካስን ተጎዳች ማለት ነው። መብራት ካለ ከመንጋቱ በፊት አንድ አምፖል ማብራት ጥሩ ነው፤ በብርሃኑ ቀድመው ይበላሉ።

እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አትንኳቸው። ቤት መጥረግ፣ ዶሮ መያዝ፣ መመዘን፣ ሁሉም ለጠዋት ወይም ለማታ ይቆይ። ልጆች እንዳያሯሩጧቸው ንገሯቸው። በዚያ ሙቀት ትንሽ ሩጫ ወፍራም ዶሮን ሊገድል ይችላል።

ወደ ውሃው እንሂድ። ቀዝቀዝ ባለ ቀን አንዲት ዶሮ ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ሲሞቅ እጥፍ ይሆናል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ለሃያ ዶሮ በቀን 10 ሊትር ያዙ። ሃያ ሊትሯ ጄሪካን ለሁለት ቀን ናት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት፤ ዶሮ በሙቀት ለግማሽ ቀን ውሃ ካጣች እንቁላሏ ለቀናት ሊጠፋ ይችላል።

ብዛቱ ብቻ ግን አይበቃም። ዶሮ ሞቅ ያለ ውሃ አትወድም። ቀምሳ ትተወዋለች። ፀሐይ ላይ ከሚውል ሮቶ ቀጥታ የሚቀዳ ውሃ ለዚህ አይሆንም። ቱቦው ውስጥ የቆየውንም መጀመሪያ ለጎመናችሁ አፍስሱት፣ ቀዝቀዝ ሲል ለዶሮዎቹ ቅዱ። ዕቃው ሸክላ ቢሆን ደስ ይለኛል። ያልተለቀለቀ ሸክላ በገላው ላይ ትንሽ ትንሽ ውሃ ያወጣል፤ ያ ሲተን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል። እናቶቻችን እንስራን የሚወዱት በከንቱ አይደለም። ፕላስቲክ ብቻ ያላችሁ ደግሞ ጥላ ሥር አድርጉትና በቀን ሦስት ጊዜ ቀይሩ። ፍሪጅ ያለው ሰው በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አስይዞ በረዶ ያድርግና 6 ሰዓት ላይ ውሃቸው ውስጥ ይንከረው።

አንድ መጠጫ ብቻ አታስቀምጡ። ጉልበተኛዋ ዶሮ ፊቱ ቆማ ሌሎቹን ታባርራለች። ሁለት ሦስት ቦታ ይሁን፣ ሁሉም ጥላ ሥር።

ቤቱን በተመለከተ፣ አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ። የጠዋቷም የማታዋም ፀሐይ አጭሩን ጎን ብቻ ታገኛለች። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ በኩል የጣሪያው ክፈፍ ረዘም ይበል። ሐይቁ ደግሞ ከከተማችን በስተሰሜን ነው። ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲግል ቀዝቀዝ ያለው አየር ከውሃው ወደ መሬት ይነፍሳል። ይህ ከጣና የተሰጠን ቬንትሌተር ነው፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ታዲያ በዚያ በኩል ግንብ ደርድሮ መዝጋት ያሳዝናል። እስከ ጉልበት ድረስ በጭቃ አድርጉና ከዚያ በላይ የዶሮ ሽቦ ብቻ ይሁን። ሽቦው ቀዳዳው ጠባብ፣ ዳር ዳሩም በደንብ የተመታ መሆን አለበት። ሽለምጥማጥ ትንሽ ክፍተት ካገኘ በአንድ ሌሊት ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። ለሐይቁና ለዓባይ ቅርብ የሆናችሁ አርጃኖንም አትርሱ፤ እንቁላልና ጫጩት ይወዳል።

ትልቁ ጠላት የቆርቆሮው ጣሪያ ነው። ቀላሉ ዘዴ ኖራ በውሃ በጥብጦ ከላይ መቀባት ነው። ነጭ ሲሆን ፀሐዩን ይመልሳል። ክረምት ያጥበዋል፣ ጥር ላይ እንደገና ይቀባል። ከሥሩ ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ትታችሁ ማዳበሪያ እንደ ኮርኒስ ወጥሩ። ከማዳበሪያ የሚሻለው ደንገል ነው። ቀላል ነው፣ ውስጡም አየር የያዘ ስለሆነ ሙቀት አያሳልፍም። ከሚሸጡት ሰዎች ግዙ እንጂ ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ አትጨዱ። የጣና ደንገል እየሳሳ ነው፣ ያለውን እንተውለት።

በምዕራብ በኩል ዛፍ ትከሉ። ፓፓያ ቶሎ ያድጋል። የእኔዎቹ የሚመርጡት የዘይቱኗን ሥር ነው፤ ቅርንጫፏ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከጭላትም ትሰውራቸዋለች።

ማጨናነቅ አይሆንም። በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ዶሮ አታስበልጡ። ጉዝጓዙ በዚህ ወቅት ስስ ይሁን፣ አራት ጣት ይበቃል። ወፍራም ጉዝጓዝ ከሥሩ እየበሰበሰ ይሞቃል። ከፎገራ በኩል የሚመጣው የሩዝ ገለባ ካገኛችሁ ከሰጋቱራ አስበልጣችሁ ያዙት፤ ቶሎ ይደርቃል። ስትገቡ ሽታው ዓይናችሁን ከቆጠቆጠ የመቀየሪያው ጊዜ አልፏል። አንድ ጥግ ላይ አመድ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር ይኑር፣ ይታጠቡበታል፣ ቅማልም ይቀንስላቸዋል።

የረጠበ ጆንያ ነፋስ በሚመጣበት በኩል መስቀል በበጋ በደንብ ይሠራል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ የሚገባው ነፋስ ቀዝቀዝ ይላል። ሰኔ ሲገባ ግን አውርዱት። አየሩ ራሱ እርጥብ ሲሆን ጆንያው እርጥበት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

አሁን 9 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩዋቸው። ደህናዋ ዶሮ ጥላ ሥር አፈሩን ጭራ ጉድጓድ ታበጃለች። የላይኛውን ትኩስ አፈር ወደ ጎን ገፍታ ሆዷን ቀዝቃዛው ላይ ታሳርፋለች። አንድ እግሯን ወደ ኋላ ትዘረጋለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ጉሮሮዋ ሥር ያለችው ስስ ቆዳ ቶሎ ቶሎ ትርገበገባለች። ይህ አያስደነግጥም፣ ራሷን እያቀዘቀዘች ነው። የሚያስደነግጠው ዓይኗን ስትከድን፣ አንገቷ ሲላላ፣ ጠጋ ስትሏት ሳትነሳ ስትቀር ነው። ያኔ በእርጋታ አንሷት። ነፋስ ያለበት ጥላ ውሰዷት። እግሯን እስከ ቅልጥሟ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ውስጥ አድርጉ፣ የክንፏንም ሥር አርጥቡ። በረዶ ውሃ ግን አይሁን። ከፋርማሲ የሚገዛውን ኦአርኤስ አንዱን እሽግ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በአፏ ጫፍ ጠብ ጠብ አድርጉላት። ጉሮሮዋ ውስጥ አትገልብጡ፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

በዚህ ወቅት ብዙ ሰው «እንቁላሌ እየተሰበረ አስቸገረኝ» ይለኛል። እንቁላሉን ስታነሱት ቅርፊቱ በጣታችሁ ሥር እንደ ወረቀት ይሰማችኋል። አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ዶሮዋ ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ታወጣለች፣ በዚህም የደሟ ሚዛን ይዛባል፣ ለቅርፊት የሚሆነው ካልሲየም ያንሳል። መኖም ስለቀነሰች የምታገኘው ራሱ ጥቂት ነው። መፍትሔው ካልሲየሙን ማታ መስጠት ነው። ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ማታ የበላችው በሰዓቱ ይደርስላታል። የእንቁላል ቅርፊት ምጣድ ላይ አመስ አድርጋችሁ ሰባብራችሁ በተለየ ዕቃ አቅርቡ። የምትፈልገው ትወስዳለች።

እንቁላሉን በቀን ሦስት ጊዜ ሰብስቡ። አውራ ዶሮ ካለ እንቁላሉ ውስጥ ፅንስ አለ፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ ሳትታቀፈው ማደግ ይጀምራል። ለማስፈልፈል ካላሰባችሁ አውራውን በእነዚህ ወራት ለይታችሁ አስቀምጡት።

በሙቀት ጥቂት ስለሚበሉ ያቺ ጥቂቷ ጠንካራ ትሁን። በቆሎው ቀነስ፣ የኑግ ፋጉሎው ጨመር ይበል። እኛ ደግሞ ዓሣ አለን። ሐይቁ ዳር ቆሮሶና አምባዛ ከሚያጸዱት ልጆች ጭንቅላትና አጥንት ይገኛል። አፍልታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ወቅጣችሁ ከመኖው ጋር ቀላቅሉ። ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንዳይበልጥ፣ አለዚያ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። ቀን ቀን የፓፓያና የሐብሐብ ልጣጭ ስጧቸው፣ ውሃ አለው። አተላ ከሰጣችሁ በጠዋት፣ ጥቂት፣ የተረፈውንም ወዲያው አንሱ። በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። እምቦጭ ለዶሮ የሚሰጡ አሉ። እኔ አልሰጥም፤ ከቆሸሸ ውሃ ውስጥ ከባድ ብረቶችን የሚስብ ተክል ነው፣ እንቁላሉን የሚበሉት ደግሞ ልጆች ናቸው።

መተማ ወረዳ፣ ገንዳ ውኃ ያለችው እህቴ ስትደውል የምመክራት ከዚህ ይለያል። እዚያ 40 ዲግሪ ይገባል፣ ነፋሱ ራሱ ይለበልባል። እንደ ሳሶ ያለ ከባድ ዶሮ እዚያ ይሠቃያል። ከግብፅ ፋዩም የመጣው ፋዩሚ ቀላልና ሙቀት የለመደ ነው። ከአገራችንም አንገተ መላጣው ጥሩ ነው፣ ላባ የሌለው አንገቱ ሙቀት ያወጣለታል። እዚያ ነፋስ ማስገባት ብቻውን አይበቃም፣ ውሃ ያስፈልጋል። ጥላው ሥር ያለውን አፈር ጠዋት ማርጠብ፣ ጆንያውን አለማድረቅ፣ ቤቱንም በሳር መክደን።

የፈንግል ክትባት ክረምቱ ሳይገባ ይሰጥ። ክትባቱን ከበረዶ ጋር በሚያዝ ዕቃ አምጡና ጎህ ሲቀድ ስጡ። በውሃ የሚሰጠው ከሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፣ የጉድጓድ ውሃ ይሻላል። በዓይን የሚጠብለት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ሙቀቱ የሚከረው በሁዳዴ መሆኑ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። 55 ቀን ሙሉ እንቁላል ፈላጊው ይቀንሳል። ረመዳን በዚያው ሰሞን የሚውልበት ዓመት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይገዛሉ፣ እሱም እፎይታ ነው። ገበያ የለም ብለው መኖ የሚቀንሱ ሰዎች አውቃለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ሙቀት ላይ ረሃብ የተጨመረባት ዶሮ ለፋሲካ አትደርስም፣ ብትደርስም ክንፍና አጥንት ናት። ይልቅ መጣል ያቆሙትን ቀድማችሁ ለዩና ለብቻ አብሏቸው፣ ቤቱም ለቀሩት ይሰፋል።

ገበያ ስትወስዷቸው እግራቸውን አስራችሁ ዘቅዝቃችሁ አትያዙ። ተዘቅዝቃ የምትሄድ ዶሮ በደንብ ማለክለክ አትችልም፣ በፀሐይ ከሆነ መንገድ ላይ ትሞታለች። ማታ ቆጥ ላይ እያሉ ያዟቸው፣ ቅርጫት ወይም በአራቱም ጎን የተበሳ ካርቶን ውስጥ አድርጓቸው፣ ሳይነጋ ውጡ። ባጃጅ ከያዛችሁ ካርቶኑን ነፋስ በሚያገኘው በር በኩል አስቀምጡት። ገዢውንም ንገሩት፣ ቤት እንደገባች መጀመሪያ ውሃ ይስጣት።