ለጠጅና ለጠላ የሚሆን ፒኤች ሜትር፦ አመራረጥና አያያዝ

ጎጃም ማር የሞላበት አገር ነው፤ ጠጅ የሚጥል ሰው ግን የብርዙን አሲድነት በምላሱ መገመት አይችልም፤ ጣፋጭነቱ ኮምጣጣነቱን ይሸፍነዋል። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ ቁጥር (ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል)፣ ከ3 በታች ሲወርድ እርሾው ይደክምና ጠጁ በደንብ ሳይፈላ ይቀራል።

ይህን ቁጥር የሚለካውን ፒኤች ሜትር ሲገዙ እስከ 0.01 የሚያነብ፣ በሁለት ነጥብ የሚስተካከል፣ ከሁሉም በላይ ኤሌክትሮዱ (ፈሳሹ ውስጥ የሚነከረው መለኪያ ዘንግ) ተነቅሎ የሚቀየር ይምረጡ። ኤሌክትሮድ በደህና ቢያዝም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ የማይነቀል ከሆነ መሣሪያው በሙሉ ይጣላል። «ሙቀትን በራሱ ያስተካክላል» የሚለው ጽሑፍ አያዘናጋዎት። የሚያስተካክለው የኤሌክትሮዱን ንባብ እንጂ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚያመጣውን ለውጥ አይደለም። ስለዚህ ናሙናውን እስከ 25 ዲግሪ ያቀዝቅዙ።

ከመለካትዎ በፊት በ7.00፣ ቀጥሎ በ4.01 ባፈር (ፒኤቹ የታወቀ ማስተካከያ ፈሳሽ) ያስተካክሉት። የተጠቀሙበትን ባፈር ወደ ጠርሙሱ አይመልሱ። ኤሌክትሮዱን የጠላ ድፍድፍ ውስጥ በቀጥታ አይንከሩ፤ የጌሾውና የብቅሉ ቅንጣት ይደፍነዋል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው በብርጭቆ ይለኩ፤ ቁጥሩ እስኪረጋም ይጠብቁ።

ሲጨርሱ በዲስትልድ ውሃ ያለቅልቁት። ጫፉ ላይ ያለውን ስስ መስታወት አይሹት፤ በሶፍት ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል። ክዳኑ ውስጥ 3 ሞላር የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ጨምረው ይክደኑት። በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ጨው ቢያዩ አይስጉ፣ ይታጠባል። ዲስትልድ ውሃ ውስጥ ማሳደር ግን ኤሌክትሮዱን ይገድለዋል፤ በውስጡ ያለውን ጨው ይመጥበታል። ከደረቀ በፖታሲየም ክሎራይዱ ፈሳሽ ውስጥ ያሳድሩት፤ ከዚያም በኋላ በባፈር አልስተካከል ካለ ይቀይሩት።