ሮም ከሄዳችሁ ይቺን በር እንዳታልፏት

ሮም ስትሄዱ ቀኑን ሙሉ ኮሎሲየም ጋ ተሰልፋችሁ አትጨርሱት። አንድ ጠዋት ወደ ፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ ብቅ በሉ። ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን እ.ኤ.አ. በ271 ባስጀመረው የከተማዋ ቅጥር ላይ ያለ ትልቅ በር ነው። ውስጡ የቅጥሩ ሙዚየም አለ። ሰኞ ዝግ ነው፣ በሌላውም ቀን በጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ በጠዋት ሂዱ።

ወለሉ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ሞዛይክ የጥንት እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. የ1940ዎቹ ሥራ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ግን የበሩን ድንጋይ ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። ቅዱስ ሚካኤል ዘንዶውን ሲወጋ ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1327፣ በበዓሉ ዕለት የተገኘ ድል መታሰቢያ ነው። መስመሩ ቀጭን ነው፤ ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው አያየውም።