ሰፈር የለወጡ እናት አባታችሁን ከሰው እንዴት ትቀላቅላላችሁ?

ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ቤቱ ሊሻላቸው ይችላል። የሚጎድላቸው ከደጅ ሲወጡ "እንዴት አደሩ?" የሚላቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማው፣ መዘዙም ለልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚተርፍ ገልጿል።

መጀመሪያ ጉልበትና ጆሯቸውን ለሐኪም አሳዩ። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው እስር ቤት ነው፤ ከተቻለ ምድር ቤት ተቀያየሩ። ጆሮ የከበደው ደግሞ "ምን አልክ?" እያለ መደጋገሙ ስለሚያሳፍረው ዝም ይላል፤ ሰው ግን ኮራ ይለዋል። አንዳንዴ ጣጣው የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ነው።

ቀጥሎ፣ ከድሮው እድር አታስወጧቸው። መዋጮውን በስልክ ልኮ እሳቸውን ቤት ማስቀረት ግን ምንም አይፈይድም። ለወር ስብሰባው፣ ለለቅሶው፣ ለሚካኤል ጽዋው ወይም ለጁምዓው ራሳችሁ አድርሷቸው።

በአዲሱ ሰፈር እንግዳ ሆነው እንዳይቀሩ ሥራ ስጧቸው። ዋናው ይሄ ነው። እናት ከሆኑ ቅዳሜ ጠዋት በራቸውን ከፍተው ቡና ያፍሉ፤ ቆሎውን እናንተ ግዙ፤ አንድ ልጅ በየበሩ እየሄደ "ቡና ደርሷል" ይበል። ተጠርቶ የጠጣ ጎረቤት በሳምንቱ መጥራቱ አይቀርም። አባቶች ይከብዳሉ፤ በ60 ዓመት ጡረታ ሲወጡ ብዙዎቹ ወዳጆቻቸውን ቢሮ ትተዋቸው ነው የሚመጡት። ለእነሱ የብሎኩ ገንዘብ ያዥነት ወይም ሽምግልና ይስማማቸዋል። የውሃ ክፍያ ጭቅጭቅ የሌለበት ብሎክ ደግሞ የት ይገኛል?

ውጭ አገር ያላችሁ በኢሞም በቴሌግራምም ስትደውሉ ቀንና ሰዓቱን ቁረጡ። "ጤናዎ እንዴት ነው?" ብላችሁ አትዝጉ፤ ምክር ጠይቁ። "እማዬ፣ ሽሮዬ ይጓጉልብኛል፣ ምን ላድርግ?" ስትባል የምታወራው ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላቸው፣ የሚወዱት ነገር ካስጠላቸው፣ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት። ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። አዛውንት "አዘንኩ" ከማለት ይልቅ "ሰውነቴን ቆረጣጠመኝ" ማለት ይቀናቸዋል፤ ለሐኪሙ ይህንንም ንገሩት። "መሞት ይሻለኛል" ካሉ ግን ብቻቸውን ሳትተዉ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።