አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ደብተር፦ ሐዋሳ ላይ የመንግሥት ቢሮዎችን ለቤተሰብና ለወጣት እንዴት እናገናኛለን?

ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ አንዲት እማማ አሉ። የሚያሳድጉት የ12 ዓመት የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ አሞራ ገደል ዓሣ ተራ ይውላል። የ20 ዓመት የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከገጠር መጥታ እሳቸው ጋር ተጠግታለች። የሁለት ወር ሕጻን ታቅፋለች፣ ሥራም ትፈልጋለች።

ይህን አንድ ቤት የሚመለከት መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። ጤና ጣቢያ፣ ቀበሌ፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግበው ወሳኝ ኩነት፣ ትምህርት ቤት፣ ሴቶችና ሕጻናት፣ ሥራና ክህሎት። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ያውቃል። ጎረቤቱ ቢሮ ምን እንደሠራ ግን አያውቅም። ስለዚህ ወረቀት ተሸክማ ከበር በር የምትሮጠው እናት ናት። እኔም አንዲት ዘመዴን ይዤ በአንድ ሳምንት ሦስት ቢሮ ዞሬያለሁ። አንዱ «መታወቂያ አምጡ» አለን። ሁለተኛው መሸኛ (ከቀድሞ ቀበሌ የሚሰጥ የመልቀቂያ ወረቀት) ከሌለ መታወቂያ አይሰጥም አለ። ሦስተኛው ነገ ኑ አለን። በዚህ መሀል የዘመዴ ሕጻን የክትባት ቀን አለፈ። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ይህ ጽሑፍ የእድር ሰብሳቢ ለሆናችሁ፣ ለወጣት ማኅበር አባላት፣ ለበጎ ፈቃደኞችና ከቤተሰቡ መሀል ቀለም ለቆጠረው ልጅ ነው። ሥልጣን አያስፈልጋችሁም። ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል።

1. ደብተሩን ክፈቱ

ባለ 50 ገጽ ደብተር ግዙ። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ገጽ ፊት ለፊት ክፈቱ። በግራው ገጽ የቤቱን ሰው ሁሉ ጻፉ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ በእጁ ያለ ወረቀት። በቀኙ ገጽ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ምን ይፈለጋል፣ የትኛው ቢሮ፣ ማን ይሄዳል፣ እስከ መቼ።

የእማማን ቤት ስንጽፍ በግራው ገጽ ብዙ ባዶ ቦታ ቀረ። ልጅቷ የቀበሌ መታወቂያ የላትም። ሕጻኑ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። ልጁ ከ3ኛ ክፍል በኋላ ካርድ የለውም። እማማ ደግሞ ከሲዳምኛ ሌላ ብዙም አይናገሩም። ስለዚህ «ማን ይሄዳል» የሚለው ዓምድ ውስጥ ቋንቋቸውን የምትችል ጎረቤት ገባች። ይህን ትንሽ ነገር አትለፉት። አንድ ሰው መልስ አጥቶ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ የተባለው ስላልገባው ነው።

2. ሰዓት የሚቆጥረውን አስቀድሙ

ሁሉም ችግር እኩል አይቸኩልም። ቀን የተቆረጠለትን ለዩ።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሞትና ጋብቻ በ30 ቀን። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፤ ሕጉ ግን የ2004ቱ አዋጅ 760 ነው። ቀኑ ካለፈ በሩ አይዘጋም፤ ግን «የዘገየ ምዝገባ» ይሆንና ነገሩ ይከብዳል።

አሁን ክትባቱን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሕጻን ከተወለደ በኋላ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል። 10ኛው ሳምንት ማለት 70ኛው ቀን ነው። 14ኛው ሳምንት 98ኛው ቀን ነው። እናት ለሦስተኛው ክትባት ስትመጣ የልደት ምዝገባው ጊዜ በ8 ቀን አልፏል ማለት ነው። እንግዲህ ክትባት ክፍል ያለችው ነርስ በ10ኛው ሳምንት «ልጁ ተመዝግቧል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ብዙ እናት ከመንከራተት ትድናለች። ሁለት ቢሮ ማቀናጀት ማለት ለእኔ ይሄ ነው። በጀት አይጠይቅም። በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አነጋግሩና ይህቺን አንድ ጥያቄ እንድትጨምር ለምኑ። ከጤና ተቋሙ የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ወረቀትም እናትየው ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ፌስታል ታስቀምጥ።

3. ሌላውን በር የሚከፍተውን ወረቀት ለዩ

የእማማ የልጅ ልጅ ቁልፏ መሸኛ ነበር። ከገጠር ቀበሌዋ መሸኛ ካላመጣች የከተማው ቀበሌ ነዋሪ አድርጎ አይመዘግባትም። ነዋሪ ካልሆነች ሥራ ፈላጊ ሆና አትመዘገብም፣ ጤና መድኑም ያስቸግራታል። ብዙ ወጣት ሴቶች ኢንዱስትሪ ፓርኩን ተስፋ አድርገው ሐዋሳ ይገባሉ፤ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ይህ ጉዞ አልቆመም። መሸኛ ሳይዙ የሚመጡት ግን ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ገጠር ያለ ዘመድ ካላችሁ ልጅቷ ሳትነሳ ደውሉና «መሸኛሽን ይዘሽ ነይ» በሏት። አንድ የስልክ ጥሪ የአንድ ወር ምልልስ ያስቀራል።

ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያም ታውጣ፤ ምዝገባው በነጻ ነው። ግን ፋይዳ ማንነትን እንጂ የት እንደምትኖር አይመሰክርም። የቀበሌውን መታወቂያ አይተካም።

4. በር ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ሥራውን ጠይቁ

በ2014 የወጣው አዋጅ 1263 የፌዴራሉን ሥራ ከፋፈለው። የሥራ ዕድልና ሙያ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ። ሴቶች፣ ሕጻናት፣ ወጣቶችና አረጋውያን በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ሆኑ። ስለዚህ አንዲት ወጣት እናት ሥራ ስትፈልግ አንድ ቤት፣ ለራሷና ለልጇ ድጋፍ ስትፈልግ ሌላ ቤት ናት። ክልልና ክፍለ ከተማ ላይ ደግሞ አደረጃጀቱ ከፌዴራሉ ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። «የወጣቶች ቢሮ የት ነው?» ከማለት «ሥራ ፈላጊ የሚመዘግበው ማነው?» ማለት ይሻላል።

አንድ ክፍተት አለ፤ በጣም ያሳስበኛል። የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ሕጻን የሚባለው ደግሞ ከ18 በታች ነው። የ16 ዓመት ልጅ እንግዲህ ሁለቱንም ነው። ሁለቱንም የሆነ ልጅ ግን ሁለቱም ጠረጴዛ «ወደዚያ ሂድ» ይለዋል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ካጋጠማችሁ ብቻውን አትላኩት። አብራችሁት ግቡና ሁለቱን ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ አነጋግሩ።

የ12 ዓመቱን ልጅ በተመለከተ ሕጉ አያሻማም። አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። እሱ ጋ ግን በሕግ ማስፈራራት አልጠቀመም። የሚያመጣት ብር ለቤቱ ዳቦ ነበረች። ስለዚህ የቤቱን ገቢና ትምህርቱን አንድ ላይ ማየት ግድ ሆነ። ለድሃ የከተማ ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጠው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ናት። ምልመላው የሚያልፈው በቀበሌና በኅብረተሰቡ በኩል ነው። የቤቱ ችግር ተጽፎ ካልቀረበ ግን ማንም አያየውም። የጤና መድኑም እንዲሁ ነው፤ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መንግሥት ይሸፍናል፤ ዝርዝሩ ከቀበሌ ስለሚጀምር ምልመላው ከመዘጋቱ በፊት ስማቸው እንዲገባ ጠይቁ።

5. ሰዎቹን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቡ

በብዙ ቀበሌ ችግረኛ ቤተሰብን ለመደገፍ የተቋቋመ የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባል ስብስብ አለ። ካለ በእሱ ግቡ። ከሌለ የእድራችሁ አዳራሽ ይበቃል። በወር አንድ ጠዋት፣ ለአንድ ሰዓት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ከትምህርት ቤት አንድ መምህር፣ የቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ሥራ ፈላጊ የሚመዘግበው ሰው፣ የእድሩ ሰብሳቢ። ቡና አፍሉ። ቡና ያለበት ስብሰባ ላይ ሰው ይቀመጣል።

አጀንዳው ደብተሩ ነው። በስብሰባ ሦስት ቤተሰብ ይበቃል። ቃለ ጉባኤው «ትኩረት ሰጥተን እንሠራለን» እንዳይል ተጠንቀቁ። እንዲህ ይበል፦ መምህሩ እስከ ማክሰኞ የልጁን የ3ኛ ክፍል ውጤት ከመዝገብ ይፈልጋሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ቀን።

ሰው ከቢሮ ወደ ቢሮ ስትልኩ ወረቀቱን ለሁለት እጠፉት። ላይኛው ግማሽ የተላከበት ጉዳይ ነው። ታችኛው ግማሽ ባዶ ነው፤ የተቀበለው ባለሙያ ያደረገውን በአንድ መስመር ጽፎ ቀድዶ ይመልሳል። ያ ብጣሽ ካልተመለሰ ጉዳዩ አላለቀም።

6. ደብተሩ ላይ የማይጻፍ ነገር

የኤችአይቪ ውጤት፣ የደረሰ ጥቃት፣ የቤት ውስጥ ገመና አይጻፍም፤ በስብሰባም አይነሳም። ቤተሰቡ ራሱ «ይነገርልን» ያላለውን አትናገሩ። በልጅ ወይም በሴት ላይ ጥቃት ከደረሰ የወሩን ስብሰባ አትጠብቁ፤ ለሽምግልናም አታቅርቡት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋምና ወደ ፖሊስ ውሰዷት። አብሯት የሚሆን አንድ የምታምነው ሰው ፈልጉላት።

7. በየወሩ ገጹን ግለጡ

የእማማ ቤት ገጽ አልተዘጋም። መሸኛው በሦስት ሳምንት መጣ። ሕጻኑ በ83ኛው ቀን ተመዘገበ። ልጁ ለመስከረም 4ኛ ክፍል ስሙ ገብቷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሁንም ዓሣ ተራ ይታያል፤ መምህሩ ይህን ይዘውታል። ልጅቷ ሥራ ፈላጊ ሆና ተመዝግባ ጥሪ እየጠበቀች ነው። በቀኙ ገጽ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ አንድ ቀጠሮ አለ፦ የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት።