ሐዋሳ ላይ የተዘጋ ንግድ ቤት ላላችሁ፣ ውጭ ለምትኖሩ

ሐዋሳ ውስጥ የተዘጋ ሆቴል፣ ወፍጮ ቤት ወይም የሱቅ ግቢ ያለው ቤተሰብ ስልኩ አያርፍም። አንዱ ባንክ ሊገዛው ነው ይላል። ሌላው ኮሪደር ልማት (መንገድ ማስፋቱና ከተማ ማስዋቡ) ሊወስደው ነው፣ ቀድማችሁ ሽጡ ይላል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ደላላ ነው፣ ገዢውም አጠገቡ ቆሟል። ኮሪደር ልማቱ ሐዋሳም ስለገባ ወሬው እውነት ይመስላል። ግን ሰፈሩ በሙሉ ቢያወራም መልሱ ያለው ከተማው በያዘው የይዞታችሁ ማህደር ውስጥ ነው። እሱን ከፍቶ የሚያይላችሁ ሰው ያስፈልጋል፣ ሰውየው ደግሞ ወረቀት ያስፈልገዋል።

ወንድሜ እዚያ አለ ማለት አይበቃም። ክፍለ ከተማ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውክልና ነው። ውክልናውን ባላችሁበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ትሰጣላችሁ፣ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርዳችሁ ጊዜው እንዳላለፈ አስቀድማችሁ እዩ። ብዙ ሰው ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ግን ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው ማስተዳደርን ብቻ ነው፦ ማሳደስ፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት። መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ መታረቅ፣ መክሰስና ተከስሶ መከራከር ተለይተው ካልተጻፉ የሉም። ስለዚህ የመሸጥ ሐሳብ ከሌላችሁ መሸጥ የሚለውን አታስጽፉ፣ አጎታችሁ ቅር ቢለውም ይበለው። መክሰስና መከራከርን ግን አስገቡ። ያለዚያ አንድ ሰው ግቢያችሁን ገፍቶ አጥር ቢያጥር ወኪላችሁ ቆሞ ከማየት ሌላ አቅም የለውም።

ማህደሩ ሲከፈት የሚታየው ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ቦታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ውጭ ከድሮ የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)፣ የከተማው ፕላን ቦታውን ለምን አገልግሎት እንደያዘው ነው። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ስለሆነ የቆዩ ወረቀቶች ላይ የደቡብ ክልል ማህተም ብታዩ አትደንግጡ፤ ፋይሉ ማዘጋጃ ቤት ይሁን ክፍለ ከተማ ግን ይጣራ።

ካርታው ዛሬም በአባታችሁ ስም ከሆነ ገዢ ከመስማት በፊት የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ። እዚህ ላይ ገንዘብ አለ። በሊዝ አዋጁ (721/2004) ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ነባር ሆኖ ይቀጥላል፣ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል። ገዢው ይህን ያውቃል፣ ዋጋ ሲጠራም ቀንሶ ነው የሚመጣው። እናንተም እያወቃችሁ ተደራደሩ። ደግሞ ወንድምና እህት አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንዷ ቶሮንቶ ሆና ይሸጥ ስትል፣ አንዱ ሐዋሳ ሆኖ ይከራይ ሲል፣ ሦስተኛው ስልክ ሳያነሳ፣ ስንት ግቢ በሩ እንደተቆለፈ ጣሪያው ዝጎ አለቀ! ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ልማቱ፦ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ካሳ የሚታሰበውም በላዩ ላለው ንብረት ነው። ማህተም ያለው ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ የሚባለው ሁሉ ወሬ ነው። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ማባከን የለም፣ ምክንያቱም ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ የተወሰነ ነው። ዘበኛው ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ እንዳያከርመው በዚያው ቀን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ንገሩት።

ሱቁ ተዘጋ ማለት ግብር ቢሮ ያውቃል ማለት አይደለም። የንግድ ፈቃዱ ተመልሶ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ወረቀት) ካልወጣ ግብሩም ቅጣቱም ይጠራቀማል። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውንም በዚያው ጠይቁ።

የቦታና የቤት ግብሩ በየዓመቱ ይከፈል፣ ደረሰኙም በባለቤቱ ስም ይሁን። ቀልድ አይደለም፤ ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረትን እንደ ባለቤት ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመት ግብሩን የከፈለ ሰው ባለቤትነት እንዲጠይቅ በር ይከፍታል። ግቢው ውስጥ ቤተሰቡን ይዞ የሚኖር ዘበኛ ካላችሁም ተቀጣሪ መሆኑ በወረቀት እንዲታይ ደመወዙን በባንክ ላኩለት፣ የሥራ ውልም ይፈርም። ታማኝ ሰው ይሆናል፣ ነገ ልጆቹ ምን እንደሚሉ ግን እሱም አያውቅም።